ለውሻዎ የሚልሰው በረዶ፦ ከመረቅ፣ ከእርጎና ከሐብሐብ

ሙቀት መግባት ሲጀምር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ለውሻ በረዶ ይሰጣል ወይ? ጉሮሮውን አያመውም? ጉንፋን አይዘውም?» ጤነኛ ውሻ በረዶ በመላሱ ጉንፋን አይዘውም። ጣጣ የሚያመጡት ሌሎች ሦስት ነገሮች ናቸው፦ በረዶው ውስጥ የገባው ምግብ፣ የበረዶው ጥንካሬና የቁራጩ መጠን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በእነዚህ ሦስቱ ዙሪያ ነው።

ውሻ እንደ ሰው መላ ሰውነቱን አያልበውም፤ የሚያልበው መዳፉን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ሲያለከልክ ከምላሱና ከመተንፈሻው ውኃ ይተናል፣ የተነነው ውኃ መተካት አለበት። የሚላስ በረዶ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ አፉን ያቀዘቅዛል፣ ውኃ ጠጣ ሲባል የማይጠጣውን ውሻም ሳያውቀው ያጠጣዋል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር ሰው ይህ ከየካቲት ጀምሮ ያስፈልገዋል፤ ዳላስ ወይም ዱባይ ላለው ደግሞ አገር ቤት ዝናብ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የበረዶ ትሪ፣ አንዱ ቤት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ። የሲሊኮን ከተገኘ በረዶውን ከታች ገፋ ሲያደርጉት ስለሚወጣ ይመረጣል።
- ለትልቅ ውሻ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባዶ የእርጎ ፕላስቲክ
- ወንፊትና ሳሳ ያለ ንጹሕ ጨርቅ
- ብሌንደር (ከሌለ ሹካ ይበቃል)
- የሚዘጋ ፌስታል ወይም ክዳን ያለው ዕቃ
- በደንብ የሚሠራ ፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ

የቡና ሲኒ ለልኩ የተሠራ ይመስላል፣ ግን አይጠቀሙበት። ውኃ በረዶ ሲሆን ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ ሲኒው ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም በረዶው ላይ ተጣብቆ ወደ ውሻው አፍ ይሄዳል። ብርጭቆም ያው ነው።

በፍጹም የማይገቡ

ይህን ክፍል ሳያነቡ ወደ አሠራሩ አይለፉ።

- ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባሮ። የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ ቢበስሉም ቢደርቁም መርዝነታቸው አይጠፋም። ስለዚህ የተረፈ ወጥ አቅጥኖ ማቀዝቀዝ አይሆንም። «ሽሮ እኮ ነው፣ ሥጋ የለበትም» የሚለውም አያድንም፤ የሽሮ ዱቄቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሽንኩርት አለበት።
- የሾርባ ኪዩብ። ጨው የበዛበት ነው፣ አብዛኛው የሽንኩርት ዱቄትም አለው።
- ወይንና ዘቢብ። ኩላሊት ያቆማሉ፤ ስንት ፍሬ ለየትኛው ውሻ እንደሚጎዳ አስቀድሞ መገመት ስለማይቻል «አንድ ሁለት ፍሬ» የሚባል የለም።
- ዛይሊቶል። ስኳር አልባ በሚባሉ ምግቦች፣ በማስቲካና በአንዳንድ የውጭ የለውዝ ቅቤ ውስጥ የሚገባ ማጣፈጫ ነው። የውሻን የደም ስኳር በአንድ ሰዓት ውስጥ አደገኛ ደረጃ ድረስ ሊያወርደው፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። መለያው ላይ «በርች ሹገር» ወይም «ኢ967» ተብሎም ይጻፋል።
- ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ አልኮል።
- የማንጎ፣ የኮክና የአቮካዶ የውስጥ ጠንካራ ፍሬ። ያንቃል፣ ከዋጠውም አንጀት ይዘጋል።
- ከጁስ ቤት የተረፈ ስፕሪስ። ስኳር ተጨምሮበታል፣ አቮካዶው ደግሞ ቅባቱ ብዙ ነው።

ስኳር በሽታ፣ የኩላሊት ወይም የቆሽት ሕመም ላለበት ውሻ ከታች ካሉት የትኛውንም ከመስጠትዎ በፊት የእንስሳት ሐኪሙን ይጠይቁ። ለእሱ ተራ የውኃ በረዶ ደቅቆ ውኃ መጠጫው ላይ ቢበተንለት ይበቃዋል።

አንደኛው፦ የመረቅ በረዶ

አንዱን ብቻ ከሠሩ ይህን ይሥሩ። ቅዝቃዜ የምግብን ሽታ ያደክማል፤ ውሻ ደግሞ በምላሱ ከሚቀምሰው ይልቅ በአፍንጫው የሚያሸተው ይበልጥበታል። መረቅ በረዶ ሆኖም ይሸታል። የፍራፍሬ በረዶ አሽትቶ ትቶ የሚሄድ ውሻ መረቁን የሚልሰው ለዚህ ነው።

ግማሽ ኪሎ ሥጋ ያለው የበሬ አጥንት፣ 1.5 ሊትር ውኃ፣ 1 ካሮት። ወደ 1 ሊትር መረቅ ይወጣዋል፤ ይህም ወደ 50 ቁራጭ ነው።

1. አጥንቱን ይጠቡና በቀዝቃዛ ውኃ ይጣዱት። በፈላ ውኃ ላይ ከጨመሩት ደሙ ውስጡ ይረጋና መረቁ ይደፈርሳል፤ ከቀዝቃዛ ሲጀምር ግን ቀስ ብሎ አረፋ ሆኖ ይወጣል።

2. መፍላት ሲጀምር አረፋውን በጭልፋ ይግፈፉ። ከዚያ እሳቱን ይቀንሱና ክዳኑን ገርበብ አድርገው ለ3 ሰዓት ያንተክትኩት። ጨው፣ ኮረሪማ፣ ጦስኝ፣ ቅቤ፣ ምንም አይግባበት። ሲቀምሱት አልጫ ይሆንብዎታል፤ እንደዚያው ይተዉት።

3. ሊወጣ 20 ደቂቃ ሲቀረው ካሮቱን ይጨምሩ። ቀድሞ ከገባ ፈርሶ መረቁን ያወፍረዋል።

4. ሁለት ጊዜ ያጥልሉ፤ መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በጨርቅ። ወንፊት የሚያሳልፈው የመርፌ ያህል የአጥንት ስንጣሪ አለ። ጨርቁን ሲያነሡ በጣትዎ ቢዳስሱት ያገኙታል።

5. አጥንቱን በሁለት ፌስታል ቋጥረው ውሻው በማይደርስበት ቦታ ይጣሉ። የበሰለ አጥንት ሲታኘክ ይሰነጠራል፤ አንጀት ይበሳል። «ሥጋው ያሳዝናል» ካሉ ሥጋውን በእጅዎ ለቅመው፣ በጣት እያሹ አጥንት አለመኖሩን አረጋግጠው ያስቀምጡት።

6. ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያስቀምጡና ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት። ትኩሱን በቀጥታ ካስገቡት ፍሪጁን ሁሉ ያሞቀዋል። ውጭ ካሳደሩት ደግሞ በዚያ ሙቀት ይበላሻል።

7. ጠዋት ላዩ ላይ ነጭ ሞራ ረግቶ ያገኙታል። በማንኪያ ጠርዝ ዙሪያውን ነካ ካደረጉት እንደ ቂጣ በአንድ ቁራጭ ይነሣል። ሁሉንም ያውጡት። ለውሻ ቅባት ሲበዛ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ ባስ ሲልም የቆሽት መቆጣት ያስከትላል። ከአሠራሩ ሁሉ የሚዘለለው ይህ እርምጃ ነው፣ ሆድ የሚያበላሸውም እሱው ነው።

8. ከሞራው ሥር ያለው መረቅ እንደ ጄሊ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግ ሠርተዋል። ከአጥንቱ የወጣው ጄላቲን በረዶው እንደ ድንጋይ እንዳይጠጥር ያደርገዋል። እስኪቀልጥ ብቻ ለብ ያድርጉት። ካሮቱንና ሥጋውን የጥፍር ያህል ከትፈው በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ይጣሉ፤ መረቁን ያፍሱበት። ከጠርዙ ትንሽ ጎደል ይበል፤ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

9. 4 ሰዓት ያህል ይቆይ። ከትሪው አውጥተው በሚዘጋ ፌስታል ያድርጉና ቀኑን ይጻፉበት። ትሪው ላይ ሳይከደን ከቆየ ይደርቃል፣ የፍሪዘሩንም ሽታ ይስባል። በ2 ወር ውስጥ ይጨርሱት።

ሁለተኛው፦ እርጎና ሙዝ

ግማሽ ሊትር ስኳር የሌለው እርጎ፣ 1 በደንብ የበሰለ ሙዝ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ።

እርጎው ፓስቸራይዝድ ከሆነ ወተት ወይም ቤት ውስጥ ከፈላ ወተት የረጋ ይሁን። ጥሬ ወተት ብሩሴላን የመሳሰሉ ተዋስያን ሊኖሩበት ይችላል፤ መርጋቱም ማቀዝቀዙም ለመግደላቸው ዋስትና አይሆንም። አሬራ ቅባቱ ስለወጣለት ለወፍራም ውሻ የተሻለ ነው፤ ካልፈላ ወተት የተናጠ ከሆነ ግን ይቅር። ወተቱ ራሱ ሳይረጋ ለምን አይሆንም ለሚሉ፦ ብዙ ያደጉ ውሾች የወተትን ስኳር መፍጨት አይችሉም፣ ይቀዝናሉ። ሲረጋ ከፊሉ ስለሚብላላ እርጎ ይቀላቸዋል።

1. እርጎው ላይ የሰፈፈ ቅባት ካለ ይግፈፉ።
2. ሙዙን ያድቅቁ፣ የለውዝ ቅቤውን ጨምረው መጀመሪያ ሁለቱን ብቻ ያዋሕዱ። ሁሉን በአንድ ጊዜ ካደረጉት የለውዝ ቅቤው ይጓጉላል፣ አንዱ ቁራጭ ሁሉንም ይዞ ሌላው ባዶ ይቀራል።
3. እርጎውን በሦስት ጊዜ እየከፈሉ ይቀላቅሉ፣ ትሪ ላይ ያፍስሱ፣ 4 ሰዓት ያቀዝቅዙ።

30 ቁራጭ ገደማ ይወጣዋል፤ አንዱ ወደ 16 ካሎሪ ነው። የለውዝ ቅቤው ከለውዝ በቀር ምንም የሌለበት ይሁን። ገበያ ላይ በኪሎ የሚፈጨውን ከገዙ ለውዙን ከመፈጨቱ በፊት ይዩት፤ የሻገተ ወይም የጠቆረ ፍሬ ካለበት ይተዉት። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ክፉኛ ይጎዳል።

ሦስተኛው፦ ሐብሐብ

ሐብሐብ ከመቶ 90 እጁ በላይ ውኃ ነው። 600 ግራም ቀዩን ክፍል ቆርጠው ጥቁሩን ፍሬ አንድ በአንድ ያውጡ፤ አረንጓዴውንና ነጩን ልጣጭ ያርቁ፣ ሆድ ላይ አይፈጭም። ፈጭተው ያቀዝቅዙ። ውኃም ስኳርም አይጨመርበትም። አንዱ ቁራጭ 6 ካሎሪ ያህል ነው። ፓፓያ በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ፍሬው ሙልጭ ብሎ ይውጣ። ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባም ይሆናል፤ ጨውም ዘይትም ሳይነካው።

ለትልቅ ውሻ

ከ20 ኪሎ በላይ ለሆነ ውሻ የትሪው ቁራጭ ያንሳል፤ ሳያላምጥ ይውጠዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል። በእርጎ ፕላስቲክ ይሥሩለት።

1. የዕቃውን ሢሶ ያህል መረቅ አፍስሰው ካሮትና ሥጋ ይጨምሩ፣ 2 ሰዓት ያቀዝቅዙ።
2. ሁለተኛውን ሢሶ፣ ከዚያም ሦስተኛውን በተመሳሳይ መንገድ ይጨምሩ። አንዴ ከሞሉት የሚንሳፈፈው ላይ፣ የሚሰጥመው ታች ይከማችና ውሻው ላዩን ጨርሶ መሐሉን ይተወዋል።
3. ከላይ አንድ ጣት ያህል ባዶ ይተዉ። በአጠቃላይ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ ማሳደሩ ይቀላል።

የእንጨት ዘንግ አይሰኩበት፣ ይሰነጠራል። መያዣ ካስፈለገ ረጅም ካሮት ያቁሙበት፣ እሱም ይበላል። ውስጡ ክፍት የሆነ የጎማ መጫወቻ፣ ኮንግ የሚባለውን ዓይነት፣ ካለዎት ትንሹን ቀዳዳ በለውዝ ቅቤ ደፍነው በእርጎው ይሙሉት። ቀዳዳው ሁለት መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ብቻ ያለው መጫወቻ አየር ስለማያስገባ ምላስ መጥጦ ሊይዝ ይችላል።

አሰጣጥ

1. ከፍሪዘር ካወጡ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በአውራ ጣትዎ ጥፍር ጫን ይበሉት። ጥፍሩ ምልክት ከተወ ይስጡት፤ ካልተወ ይጠብቁ። ጥፍር የማይገባበት ነገር የመንጋጋ ጥርስ ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ የውሻ ጥርስ ብዙውን ጊዜ መነቀል ነው መጨረሻው።

2. ከሩጫ ወይም ከእግር ጉዞ እንደተመለሰ አይስጡ። ማለክለኩ ጋብ ይበል። አፉን ከፍቶ አየር እየሳበ የሚውጥ ውሻ ቁራጩን ወደ አየር ቧንቧው ሊስበው ይችላል።

3. ጥላ ሥር፣ ሴራሚክ ወለል ወይም ሰፊ ፕላስቲክ ሳህን ላይ ያድርጉለት። ከፍሪዘር በቀጥታ የወጣ የብረት ሳህን እርጥብ ምላስ ላይ ይጣበቃል።

4. የመጀመሪያ ቀን አንድ ቁራጭ ብቻ። እስከ ነገ ዓይነ ምድሩን ይከታተሉ። ሰገራው ከጠነከረ ይቀጥሉ፤ ከቀጠነ የገባውን ነገር ይቀይሩ።

5. ውሻዎቹ ሁለት ከሆኑ ለየብቻ፣ በሩ ተዘግቶ። ሌላ ጊዜ ሳህን የሚጋሩ ውሾች በዚህ ይናከሳሉ። ልጆችም ከውሻው አፍ እንዳይቀሙ ይነገራቸው።

6. በ30 ደቂቃ ያልጨረሰውን ያንሡ። የቀለጠ እርጎ ዝንብና ጉንዳን ይጠራል፣ በሙቀትም ቶሎ ይበላሻል።

ሰዓቱ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ምንጊዜም አጠገቡ ይኑር።

ስንት ይሰጠው?

ከምግቡ ውጭ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ተደምሮ ከዕለት ካሎሪው 10 በመቶ አይለፍ። 5 ኪሎ የሚመዝን ያደገ ውሻ በቀን 370 ካሎሪ አካባቢ፣ 10 ኪሎ የሚመዝነው 630፣ 25 ኪሎ የሚመዝነው 1250 ያስፈልገዋል። በእርጎው በረዶ ሲመነዘር 2፣ 3 እና 7 ቁራጭ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚተኛ ወይም የወፈረ ውሻ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ሞራው የወጣለት መረቅ ካሎሪው ኢምንት ስለሆነ እጥፍ ቢሆንም አይጎዳም። ቡችላ እናቱን ጥሎ ደረቅ ምግብ በደንብ እስኪለምድ ድረስ ይቆይ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

*አንዴ ነክሶ ተወው።* በጣም ጠጥሯል ወይም አይሸትም። 10 ደቂቃ ይጨምሩለት፣ ላዩን ትንሽ ለብ ያለ መረቅ ይቀቡት።

*ሙሉውን ዋጠው።* ቁራጩ ለአፉ አንሷል። ከአፉ ስፋት የሚበልጥ ይሥሩለት፤ ወይም ከሳህን ጋር ተጣብቆ እንዲረጋ አድርገው ከነሳህኑ ይስጡት፣ መላስ እንጂ መንከስ አይችልም።

*ቀዘነ።* መረቅ ከሆነ ሞራው አልወጣም። እርጎ ከሆነ መጠኑ በዝቷል። ሐብሐብ ከሆነ ብዙ ውኃና ስኳር በአንዴ ገብቷል።

*በረዶው ላይ ነጭ ደረቅ ቅርፊት ያዘ።* ሳይከደን ቆይቷል። አይመርዝም፣ ግን አይጣፍጠውም።

*ፊቱ ጠፍጣፋ ነው።* ፓግና ቡልዶግን የመሳሰሉት መተንፈሻቸው ጠባብ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይጥላቸዋል፣ ቁራጭ ነገር መያዝም ይቸግራቸዋል። ለእነሱ በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ስስ አድርጎ ማቀዝቀዝ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በረዶ ሕክምና አይደለም

የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። የማያቋርጥ ከባድ ማለክለክ፣ የሚዝለገለግ ምራቅ፣ ደም የመሰለ ድድ፣ መንገዳገድ፣ ትውከት ካዩ የሚላስ በረዶውን ይተዉት። ራሱን እየሳተ ያለ ውሻ አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ያንቀዋል። ወደ ጥላ ወስደው ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፉን ጨምሮ መላ አካሉን በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ያርሱት፣ ያራግቡበት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍነዋል። ቴርሞሜትር ካለ 39.4 አካባቢ ሲደርስ ማርጠቡን ያቁሙ። ከዚያ ወደ ሐኪም፤ ቆሞ ቢሄድም ይውሰዱት፣ የኩላሊት ጉዳት ዘግይቶ ሊታይ ይችላልና።

መብራት ሲጠፋ

ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። ችግሩ እርስዎ ቤት ሳይኖሩ ጠፍቶ ቀልጦ፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ የረጋው ነው፤ ሲያዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል። ለዚህ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ውኃ አቀዝቅዘው በረዶው ላይ ሳንቲም ያስቀምጡና ፍሪዘሩ ውስጥ ይተዉት። ሳንቲሙ ላዩ ላይ ካለ በረዶውን ይስጡ። ኩባያው ሥር ሰጥሞ ካገኙት የእርጎውንና የመረቁን ፌስታል አውጥተው ይጣሉ፤ ሳንቲሙንም ለሚቀጥለው ጊዜ ላዩ ላይ መልሰው ያስቀምጡ።